የቪክቶሪያ ቢተር ጣዕም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜልበርን ከገባሁ ወዲህ ስለዚህ አረንጓዴ መለያ ስላለው ቢራ የተጠየቅኩትን ሁሉ ሰብስቤ፣ ቀምሼ በማውቀው ልክ መልሻለሁ።

ቪቢ የሚሉት የትኛውን ነው?

ሙሉ ስሙ ቪክቶሪያ ቢተር ነው፤ ሰው ሁሉ ግን ቪቢ ነው የሚለው። የሜልበርን ቢራ ነው። ስሙን ያገኘው ቶማስ አይትከን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1854 ኢስት ሜልበርን ላይ ካቋቋመው ቪክቶሪያ ብሩወሪ ነው። ዛሬ የሚጠምቀው ካርልተን ኤንድ ዩናይትድ ብሩወሪስ ሲሆን፣ ድርጅቱ ከ2020 ጀምሮ በጃፓኑ አሳሂ እጅ ነው። አልኮሉ 4.9 በመቶ ነው። በ375 ሚሊ ሊትር ጣሳ ወይም "ስታቢ" በሚሏት አጭር ቡናማ ጠርሙስ ይሸጣል።

ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በሽያጭ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ኋላ ላይ ቀለል ያሉ ቢራዎች ቀደሙት። ማስታወቂያው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲደጋግመው የኖረው ነገር አንድ ነው፤ ለፍቶ የተጠማ ሰው ትልቅ ቀዝቃዛ ቢራ ይገባዋል ነው ነገሩ። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ስለ ጥማት ይናገራል፣ ስለ ቅዝቃዜ ይናገራል፣ ስለ ጣዕም ትንፍሽ አይልም። ቢራውን ስትቀምሱ ይህን አትርሱ።

ስሙ "ቢተር" ነው፤ ታዲያ ይመራል?

ለእኛ ሰው? አይመርም። ጌሾው በዝቶበት ፊት የሚያስጨማድድ ጠላ እየጠጣ ያደገ ሰው ቪቢን ቀምሶ "መራራው የታል?" ቢል አልፈርድበትም። ስሙ የመጣው ከእንግሊዞች ልማድ ነው፤ እነሱ ዘንድ "ቢተር" ሞቅ ባለ ቦታ በሚፈላ እርሾ የሚጠመቅ፣ ብዙም ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣ የቢራ ዓይነት ነው። ቪቢ ግን በቀዝቃዛ የሚፈላ ላገር ነው። ዘመድነቱ ከእንግሊዝ ቢተር ይልቅ ለእኛው ጊዮርጊስና ሐረር ይቀርባል። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

ቢሆንም ምሬት ጨርሶ የለውም ማለት አይደለም። የሚያመረው "ፕራይድ ኦቭ ሪንግውድ" የሚባል የቢራ ጌሾ ዝርያ ነው። በ1950ዎቹ፣ እዚሁ ከሜልበርን በስተ ምሥራቅ ባለችው ሪንግውድ፣ ይኸው ፋብሪካ ራሱ ያዳቀለው ነው። አበባ አበባ ወይም ሎሚ ሎሚ አይሸትም፤ አፈር፣ የእንጨት ልጣጭ፣ የደረቀ ቅጠል ነው የሚያስታውሰው። ከተዋጠ በኋላ ምላስ ሥር ብቅ ይልና ቶሎ ይጠፋል። ከዓለም ተራ ላገሮች ጋር ሲነጻጸር ግን እንደ ደህና ምሬት ይቆጠርለታል።

እሺ፣ ጣዕሙን በቃል ግለጸው ብትባልስ?

ከዓይን ልጀምር። ወርቃማ ነው፤ ከብዙዎቹ የአውስትራሊያ ላገሮች ቀለሙ ትንሽ ጠለቅ ይላል። የጠራ ስለሆነ በብርጭቆው ማዶ ጋዜጣ ይነበባል። አረፋው ነጭ ነው፣ ሲቀዳ በኩራት ይነሳል፣ ወሬ አንድ ዙር ሳይዞር ደግሞ ቀጭን ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ሽታውን ከፍሪጅ እንደወጣ ከፈለጋችሁት አታገኙትም። ብርጭቆውን በሁለት እጅ አቅፋችሁ ትንሽ ስታሞቁት ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ እርጥብ ብቅል፣ ቀጥሎ የዳቦ ቅርፊት፣ ከዚያ ቆይቶ ድርቆሽ። ከሩቅ የበሰለ ፖም ዓይነት ነገር አለ፤ እሱ የእርሾው ሥራ ነው።

አፍ ላይ ታሪኩ አጭር ነው። አንደኛ ብርድና ጋዝ ይመጣል፤ ምላስን ይወጋጋል፣ ሌላ ነገር ለመስማት ፋታ አይሰጥም። ሁለተኛ ጣፋጭ ይመጣል። እናቶቻችን ለጠላ ያሰጡትን ብቅል ሰርቀን ስንቆረጥም የነበረውን ጣፋጭ ታስታውሳላችሁ? እሱ ነው፣ ግን ቀጥኖ፣ በውሃ ተራርቆ። ሦስተኛ ያ የሪንግውድ ምሬት ነው። ከዚያ አለቀ፤ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። ቢራው የተሠራው ለዚህ መመለስ ነው። ረዥም ጣዕም ቢኖረው ሰው ቆም ብሎ ያጣጥም ነበር፤ አጣጥሞ የሚጠጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።

ውሃ ውሃ ይላል የሚሉትን አልከራከራቸውም። ነገር ግን በየካቲት ሙቀት አርባ ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀን ዕቃ ሲሸከሙ ውለው የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲስቡ፣ ያው ውሃነቱ ነው ጌጡ። ክረምት ላይ ቤት ተቀምጬ ስጠጣው ደግሞ ከግማሽ በላይ አልገፋውም። ቢራው ያው ነው፣ የተለየው ጥማቴ ነው።

ከአገር ቤት ቢራ የትኛውን ይመስላል?

ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ነጣ ያለ ላገር ናቸው። ለእኔ ምላስ ጊዮርጊስ ለስለስ ይላል፣ ብቅሉም ትንሽ ይቆያል። ቪቢ መጨረሻው ላይ ይደርቃል፣ ምሬቱም ሻካራ ነው። አዲስ የመጣ ዘመድ ሳስተናግድ ብዙ ጊዜ የምሰማው አስተያየት "ጋዙ በዛ፣ እህሉ አነሰ" የሚል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቅምሻ እኔም አልጻፍኩም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አገር ቤት የለመድነው ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው፣ የዚህ አገሩ 375 ነው፣ አልኮሉም ደህና ነው። በጠርሙስ ቁጥር ራሱን የሚመዝን ሰው ሦስተኛው ላይ ሒሳቡ ይዛነፍበታል፤ ዞረ ድምሩን በማግስቱ ያገኘዋል።

ለምን እንዲህ በረዶ እስኪመስል ያቀዘቅዙታል?

አገር ቤት አስተናጋጁ "ቀዝቃዛ ይሁን ኖርማል?" ብሎ ይጠይቃል። እዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፤ ኖርማል ቪቢ ስጠኝ ብትሉት ባሬስታው አሟችሁ እንደሆነ ነው የሚያይ። እንዳይሞቅም ጠርሙሷን እንደ ሹራብ ባለ የስፖንጅ መያዣ ያለብሷታል። ምክንያቱ ግማሹ የአየር ጠባይ ነው። ግማሹ ደግሞ ብርድ ጣዕም ስለሚያፍን ነው። ምላስ ሲደነዝዝ ጣፋጩም፣ የእርሾው ጠረንም ይደበቃል፤ የሚተርፈው ጋዝና ጥቂት ምሬት ነው።

ከዚህ ጋር ሁሌ የማያይዘው ታሪክ አለ። በቪክቶሪያ ክፍለ አገር ከ1916 እስከ 1966 መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 6 ሰዓት፣ ላይ እንዲዘጉ ሕግ ነበር። ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ በሯ እስክትዘጋ ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ የቻለውን ያህል ይገለብጥ ነበር። ሃምሳ ዓመት እንዲያ የተጠጣ ቢራ፣ ማጣጣምን የሚጠይቅ ቢራ ሊሆን አይችልም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ምላሴ ግን ይስማማበታል።

ጠርሙስ፣ ጣሳ ወይስ ድራፍት?

ድራፍት፣ በተለይ ሰው የሚበዛበት መጠጥ ቤት። በርሜሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ቢራው አይሰነብትም፤ ጋዙም ከጠርሙሱ ይለዝባል። ሜልበርን ላይ "ፖት" ካላችሁ 285 ሚሊ ሊትር ይቀዳላችኋል፤ ሲድኒ ላይ የተለመደው "ስኩነር" 425 ነው። ጃምቦ የለመደ ሰው ፖት ሲቀርብለት "ይኼ ቅምሻ ነው ወይስ መጠጡ?" ማለቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ትንሽ ብርጭቆ ሳይሞቅ ያልቃል፣ ለዚህ ቢራ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

ቤት ከሆነ ጣሳ እመርጣለሁ። ብርሃን አይገባውም፣ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል። ከጣሳው ቀጥታ ከሆነ ግን ሽታው አፍንጫ ጋር ስለማይደርስ፣ ለመቅመስ ካሰባችሁ ብርጭቆ ላይ ቅዱት። ለመጠጣት ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ።

ከምን ምግብ ጋር ይሄዳል?

ፈረንጆቹ መጠጥ ቤት ውስጥ ከቺክን ፓርማ ጋር ነው የሚያዙት፤ ዶሮ ተጠብሶ ቲማቲምና አይብ የተደፋበት። እኔ ፉትስክሬይ ካሉት የሀበሻ ቤቶች ከጠገብኩ በኋላ የደረስኩበት ውጤት ጥብስ ነው። ስቡን ጋዙ ይጠርገዋል፣ ምሬቱም ከተጠበሰ ቀይ ሽንኩርት ጋር ይግባባል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን ይሸነፋል፤ በርበሬው ከመጣ በኋላ የምትጠጡት ቪቢ ይሁን አምቦ ውሃ አታውቁትም።

አንዱ ስንት ይቆጠራል? ጠጥቼ መንዳትስ?

አውስትራሊያ ውስጥ በእያንዳንዱ መጠጥ ላይ "ስታንዳርድ ድሪንክ" የሚባል ቁጥር ይጻፋል፤ አንዱ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ማለት ነው። የ375 ሚሊ ሊትሩ ቪቢ 1.4 ነው። ስለዚህ ሦስት ስታቢ ከአራት በላይ ነው። የአገሪቱ የጤና መመሪያ በሳምንት ከ10፣ በአንድ ቀን ደግሞ ከ4 እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.05 በታች መሆን አለበት። ለማጅ ወይም የአዲስ ፈቃድ "ፒ" የለጠፈ ሰው ዜሮ ነው፤ ታክሲ የሚነዳም እንዲሁ። ከእኛ ሰው ስንቱ ታክሲ ላይ እንደሆነ ስለማውቅ ደግሜ ልበለው፤ ዜሮ ማለት አንድ ፖትም አይደለም።

አውስትራሊያኖች የሚጠጡት ፎስተርስ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ፎስተርስ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ሜልበርን ላይ የጀመሩት ቢራ ነው፤ እነሱም ብዙ ሳይቆዩ ሸጠውት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1907 በርካታ የሜልበርን ፋብሪካዎች ተዋሕደው ካርልተን ኤንድ ዩናይትድ ሲመሠረት፣ ፎስተርስም ቪክቶሪያም አንድ ጣራ ሥር ገቡ። ፎስተርስ በማስታወቂያ ብዛት ውጭ አገር የአውስትራሊያ ምልክት ሆነ፤ እንግሊዝ ውስጥ የሚጠጣው እዚያው እንግሊዝ ሃይነከን የሚጠምቀው ነው። እዚህ ግን መጠጥ ቤት ገብታችሁ ፎስተርስ ብትጠይቁ ከየት እንደመጣችሁ ይታወቅባችኋል።

ስኳር ይገባበታል የሚባለው እውነት ነው?

የአውስትራሊያ ትልልቅ ፋብሪካዎች ከብቅሉ ጋር የሸንኮራ አገዳ ስኳር መጠቀማቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ኩዊንስላንድ አገዳ አምራች ናትና ነገሩ አያስገርምም። ሰው ይህን ሲሰማ "ለዚህ ነው የሚጣፍጠው" ይላል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እርሾ ስኳሩን ሙጥጥ አድርጎ ይበላዋል፣ ወደ አልኮልና ጋዝ ይቀይረዋል፣ የሚተርፍ ነገር የለም። ብቅል ግን እርሾ የማይበላው ነገር ስላለው ቢራው ውስጥ ቀርቶ ወፈር ያደርገዋል። ስለዚህ በብቅል ፈንታ ስኳር በገባ ቁጥር ቢራው ይቀጥናል፣ ይደርቃል። "እህሉ አነሰ" ያለው ዘመዴ ኬሚስትሪ ሳይማር የደረሰበት እዚህ ነው።

በነገራችን ላይ የተረፈው እርሾም አልባከነም። ቬጂማይት የሚባለው ዳቦ ላይ የሚቀባ ጥቁር ነገር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሜልበርን ላይ ሲፈለሰፍ መነሻው ከቢራ ፋብሪካ የተረፈ እርሾ ነበር። እሱን ግን እንድወደው አትጠይቁኝ።

ውሃ ይጨምሩበታል የሚሉትስ?

በዓለም ትልልቅ የላገር ፋብሪካዎች ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው። ቢራውን ከሚሸጠው በላይ ጠንካራ አድርገው ይጠምቁና፣ ከመታሸጉ በፊት ኦክስጅኑ በወጣለት ውሃ ወደሚፈለገው መጠን ያወርዱታል። ያው ጋን ብዙ ቢራ ይሰጣል ማለት ነው። ነገሩ ማጭበርበር አይደለም፤ መለያው ላይ 4.9 ካለ 4.9 ነው። አጣርተን ጠላ ላይ ውሃ መጨመርን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ውሃ ውሃ ማለቱ ከዚህ የመጣ አይመስለኝም። የሚያቀጥነው ከላይ ያልኩት የብቅል ማነስ ነው።

ድሮ ይሻል ነበር የሚሉት ሽማግሌዎች ልክ ናቸው?

ቢያንስ አንድ ጊዜ ልክ ነበሩ። እዚህ አገር የቢራ ቀረጥ የሚሰላው በአልኮሉ መጠን ነው፤ አልኮሉ ሲቀንስ ቀረጡም ይቀንሳል። ቪቢ እ.ኤ.አ. በ2007 ከ4.9 ወደ 4.8፣ በ2009 ደግሞ ወደ 4.6 በመቶ ወረደ። ጠጪው አወቀ፣ አኮረፈም። በ2012 ወደ 4.9 ተመለሰ፤ ያኔ የድሮው አሠራር ተመልሷል ተብሎ በአደባባይ ተነገረ።

አንድ አሥረኛ ነጥብ በምላስ አይለይም፤ 4.9ን ከ4.6 መለየት ግን ይቻላል። አልኮል ራሱ ሞቅ የሚል ጣዕምና ክብደት አለው፣ ሲቀንስ ቀጭኑ ቢራ ይበልጥ ይቀጥናል። ቢሆንም ከቅሬታው ግማሹ የተቆረጠባቸው ሰዎች ቁጣ ይመስለኛል። ዋጋው እንዳለ ሆኖ ጣሳው ሲደክም ማን ዝም ይላል?

ያገኘሁት ቢራ ተበላሽቷል ወይስ ጣዕሙ እንዲሁ ነው?

ይህን ለመለየት አፍንጫ ይበቃል። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ አርጅቷል፤ አየር ሠርቶበታል፣ ወይም ሙቀት ላይ ከርሟል። አንድ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ በቅናሽ የገዛሁት አንድ "ስላብ"፣ ማለት ባለ 24ቱ ካርቶን፣ እንዲህ ነበር፤ ርካሽነቱ የገባኝ የመጀመሪያውን ስከፍት ነው። ቅቤ ቅቤ ካለ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የወጣ ቢራ ነው፤ ወይም በድራፍት ከሆነ ቧንቧው አልታጠበም። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ደግሞ ከብቅሉና ከአፈላሉ የሚመጣ ነው፤ ነጣ ባሉ ላገሮች ላይ ትንሽ ቢኖር አያስደነግጥም።

ከሁሉ የሚከፋው ፀሐይ የመታው ነው። ብርሃን የጌሾውን መራራ ንጥረ ነገር ሰብሮ ድኝ ያለበት ሽታ ይፈጥራል፤ የተቃጠለ ፀጉርና ላስቲክ መካከል ያለ ነገር። ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል፣ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ብዙም አያስጥልም። ቪቢ ላይ አረንጓዴው መለያው ነው፣ ጠርሙሱ ቡናማ ነው። ቢሆንም ባርቤኪው ላይ ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ ፀሐይ ላይ ካቆማችሁት በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምረዋል፤ ያኔ ጥፋቱን ፋብሪካው ላይ አታላክኩ።

ዓይን ታስሮ ቢቀመስ ከካርልተን ድራፍት ይለያል?

ካርልተን ድራፍት የዚያው ፋብሪካ ልጅ ነው፣ 4.6 በመቶ። መጠጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ መለያው ብቻ ነው የሚለየው የሚል ወሬ አይጠፋም። እንደ እኔ አይደሉም፤ ቪቢ ምሬቱ ሻከር ይላል፣ ካርልተን ጎኑ ለስላሳ ነው። ይህንን ግን የምለው ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ፣ ስማቸውን እያወቅኩ፣ ለብ ብለው ስቀምሳቸው ነው።

ትክክለኛው ፈተና ሦስት ብርጭቆ ነው። ሁለቱ ላይ አንዱን ቢራ፣ ሦስተኛው ላይ ሌላውን ሌላ ሰው ይቀዳል፤ ቀማሹ የተለየውን ይምረጥ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ስለሚገኝ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። አንድ ቅዳሜ ቤቴ ሞከርነው። ከፍሪጅ እንደወጣ ሁላችንም ተዘበራረቅን፣ እኔም ጭምር። ሃያ ደቂቃ አቆይተን ስንደግመው ግን እየተለየ መጣ፤ ምሬቱ ነው ያሳበቀው።

ከመካከላችን አሥራ አምስት ዓመት ከቪቢ ሌላ ነክቶ የማያውቅ ወዳጅ ነበረ። በእርግጠኝነት "ይቺ ናት የኔ" ብሎ ያነሳት ብርጭቆ የካርልተን ሆና ተገኘች። ሳቁ ሲበርድ ተነስቶ ወደ ፍሪጁ ሄደ፣ አረንጓዴ መለያዋን አይቶ አረጋግጦ አንድ ከፈተና "ያንተ ብርጭቆ ነው ጣዕሙን ያበላሸው" አለኝ።